ድንች ዱላ አይወድም

እኛ አገር ምግብ የሚጣፍጠው በልፋት ነው። ሽንኩርቱ ውኃው እስኪመጥ በማማሰያ ይዞራል፤ በርበሬው ይቀነጠሳል፣ ይወቀጣል፣ ይደለዛል፣ ይሰጣል፣ እንደገና ይፈጫል፤ ሽሮው እንዳይጓጉል ክንድ እስኪዝል ይማሰላል፤ ገንፎማ ራሱን የቻለ ትግል ነው። ላቡ ጠብ ያላለ ወጥ ሠሪ ምን ሠራ ይባላል? ይህን እምነት በእናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ የለመደ ሰው አሜሪካ ገብቶ «እስቲ የድንች ፒዩሬ ልሥራ» ያለ ዕለት ጉድ ይፈላል። ድንች ልፋት አይወድማ! ባማሰሉት ቁጥር ይከፋል፣ በወቀጡት ቁጥር ያኮርፋል። ስንፍናን የሚሸልም ምግብ ካለ እሱ ነው።

ለዚህ ስንፍና የተሠራ መሣሪያ አለ፤ የድንች መጭመቂያ ይሉታል። የነጭ ሽንኩርት መጭመቂያን የምታውቁ ሰዎች ያንኑ አሥር እጥፍ አሳድጋችሁ አስቡት። ሁለት ረጃጅም እጀታዎች ጫፋቸው ላይ በፒን ተያይዘዋል። ከታችኛው እጀታ ቂጡ የተበሳሳ ኩባያ ይንጠለጠላል፤ ከላይኛው ደግሞ ኩባያው ውስጥ ልክክ ብሎ የሚገባ ዝርግ ብረት። የተቀቀለ ድንች ኩባያው ውስጥ ታደርጋላችሁ፣ እጀታዎቹን ታጋጥማላችሁ፣ ድንቹ በቀዳዳዎቹ ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይወርዳል። አለቀ። ሞተር የለው፣ ገመድ የለው፣ ድምፅ የለው።

አማቴ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን የመጡ ሰሞን መሳቢያ ሲከፍቱ አገኙት። አነሱት፣ አገላበጡት፣ እጀታውን ከፈት ዘጋ አደረጉት።

«ይሄ የምን መሣሪያ ነው ልጄ?»

«የድንች መጭመቂያ ነው፣ እማማ።»

«ድንች ምን ውኃ አለውና ይጨመቃል?»

መልስ አጣሁ። እሳቸውም መልስ አልጠበቁም። «ሹካ የላችሁም?» ብለው መሳቢያውን ዘጉት።

እውነት ነው፣ አገር ቤት ለድንች ሹካ ይበቃል። ድንችና ካሮት ተቀቅሎ በሹካ የሚደፈጠጠው ግን ለማን ነው? ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ነው። ስለዚህ ፒዩሬ ለአዋቂ ሲቀርብለት ውስጡ ቅር ይለዋል። አፉን ሞልቶ «ጥርስ እኮ አለኝ» አይልም እንጂ፣ ማንኪያውን አንስቶ ዙሪያውን የሚያየው ይህንኑ እያሰበ ነው። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን የድንች ፒዩሬ የሌለበትን የታንክስጊቪንግ ገበታ ገበታ አይሉትም። ትምህርት ቤት ሥለውታል፣ ዘምረውለታል። ተርኪው አዋዜ ይቀባ፣ ዶሮ ወጡም አጠገቡ ይቀመጥ፣ ግድ የላቸውም። ፒዩሬው ከቀረ ግን ኢትዮጵያዊነታችንን ሳይሆን ወላጅነታችንን ይጠራጠራሉ።

በዚያ ላይ የቀን መቁጠሪያው አለ። ታንክስጊቪንግ የኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ነው፤ ከ22 እስከ 28 ባለው ላይ ይውላል። ጾመ ነቢያት የሚገባው ደግሞ ኅዳር 15 ነው፤ በፈረንጆቹ ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 24። ቁጥሩን አስተያዩት። አንዳንድ ዓመት በዓሉ ከጾሙ ያመልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ተርኪው ጾም ውስጥ ዘው ብሎ ይገባል። ያኔ ገበታው ለሁለት ይከፈላል፦ ወዲህ ማዶ ቅቤ፣ ወዲያ ማዶ ዘይት። የተርኪው ነገር ቀላል ነው፤ የሚበላ ይበላል፣ የማይበላ አይበላም። ድንች ግን በተፈጥሮው የጾም ምግብ ሆኖ ሳለ በቅቤና በወተት የተነሳ ከጾመኛ ፊት ሲነሳ ያሳዝናል። እኛ ቤት መላ ተገኝቶለታል። ድንቹ አንድ ላይ ይቀቀላል፣ አንድ ላይ ይጨመቃል፣ ከዚያ ሁለት ድስት ውስጥ ይከፈላል። አንደኛው ቅቤና ትኩስ ወተት፤ ሌላኛው የወይራ ዘይት፣ ለብ ለብ የተደረገ ነጭ ሽንኩርትና ድንቹ የተቀቀለበት ውኃ። ያ ውኃ እንዳይደፋ! ጨውም የድንች ጣዕምም ይዟል፤ ወተት የሚሠራውን የማለስለስ ሥራ ይሠራል። አማቴ ከጾሙ ድስት «የሕፃን ምግብ ነው» እያሉ ጀመሩ፤ ሲደግሙ ስለ ሕፃን ያነሱት ነገር የለም።

አሁን ወደ ዱላው ልመለስ። ድንች ለምን ይከፋል? ነገሩ ያለው ሕዋሱ ውስጥ ነው። ድንች ጥቃቅን ሕዋሳት ተደርድረው የተሠራ ነው፤ በየሕዋሱ ውስጥ የስታርች ቅንጣቶች አሉ፤ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያጣብቀው ደግሞ ፔክቲን የሚባል ነገር ነው። ድንቹ ሲቀቀል ፔክቲኑ ይላላል፣ ሕዋሳቱ ይለያያሉ፤ ስታርቹ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ግን ግድግዳው እስካልተሰበረ ድረስ እዚያው ታጉሮ ይቀመጣል። እንዲህ ያለው ድንች አፍ ውስጥ ብትን ይላል። ግድግዳውን ከሰበራችሁት ግን ስታርቹ ይፈሳል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ምግቡ ኮላ ይሆናል። ስለዚህ የጥሩ ፒዩሬ ምሥጢር ሕዋስን ከሕዋስ መለየት እንጂ ሕዋስን መስበር አይደለም። መጭመቂያው እያንዳንዷን ቁራሽ በቀዳዳው አንድ ጊዜ አሳልፎ ይተዋታል። የሽቦ መደፍጠጫው ግን መሐል ያለውን ደጋግሞ ይቀጠቅጣል፣ ጥግ የተደበቀውን ጓል ሳይነካ ይቀራል፤ አንድ ድስት ውስጥ ኮላም ጓልም ትበላላችሁ።

የባለቤቴ ወንድም ኢንጂነር ነው። ሞተር ያለው ዕቃ ሞተር ከሌለው ይበልጣል ብሎ በጽኑ ያምናል። አንድ ዓመት «መጭመቅ ምንድነው፣ በዚህ ዘመን!» ብሎ ድንቹን ከነወተቱ ብሌንደር ውስጥ ገለበጠው። የብሌንደር ስለት በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ የሚዞር ዱላ መሆኑን ልብ በሉ። ሲከፍተው ድንቹ ግራጫ ሆኗል፣ ያብረቀርቃል፣ በማንኪያ ሲሳብ ተስቦ ሳይበጠስ ይንጠለጠላል። ልጆቹ እየጮሁ መጡ። «አንክል ስላይም ሠራ!» ስላይም ማለት ልጆች ገዝተው የሚጫወቱበት ያ የሚለጠጥና ምንጣፍ የሚያበላሽ ነገር ነው። አማቴ ቀረብ ብለው አዩና «በሉ ከምትደፉት ግድግዳው የተላጠበት ላይ ለጥፉበት» አሉ። ኢንጂነሩ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የድንቹ ነው ይላል።

በጥቂቱም ቢሆን እውነት አለው፤ ድንችና ድንች አንድ አይደለም። እዚህ ገበያ ሦስት ዓይነት በብዛት አለ። ልጡ ቡናማና ሻካራ የሆነው ረሰት ስታርቹ ብዙ፣ ውኃው ጥቂት ነው፤ ሲቀቀል ይፈረፈራል፣ ለመጭመቂያ ይመቻል። ቢጫው ዩኮን ጎልድ መካከለኛ ነው። ካናዳ፣ ኦንታሪዮ፣ ጉዌልፍ ውስጥ ተዳቅሎ የወጣ ዝርያ ነው፤ ለገበሬ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ልክ እንደ ረሰት ባይቀልም ቅቤ ያልነካው ቅቤ የነካው ይመስላል፤ በዚህም የተነሳ ለጾሙ ድስት እሱን እመርጣለሁ። ሦስተኛው ቀዩ ነው፤ ጠንካራ፣ ቶሎ የማይፈርስ። አበሻ ሱፐርማርኬት ገብቶ እጁ የሚሄደው ወደ ቀዩ ነው። ምክንያት አለው። እኛ ድንች የምንመዝነው በአልጫ ነው፤ አልጫ ውስጥ ጎበዝ የሚባለው ደግሞ ቅርጹን ይዞ የሚወጣው ነው። ድንችን እ.ኤ.አ. በ1858 ወደ አገራችን አስገባ የሚባለው ሺምፐር የሚሉት ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ነው። ድንቹን አመጣ እንጂ ምን እንደሚሠሩበት የነገረን አይመስልም። እኛም በአልጫ፣ በቀይ ወጥና በሳምቡሳ ተወጣነው። የማይፈርስ ድንች መውደዳችን ከዚያ የመጣ ነው። ለፒዩሬ ግን የሚፈለገው የሚፈርሰው ነው፤ ቀዩን መጭመቂያ ውስጥ ብትከቱት እጃችሁም ይደክማል፣ የሚወጣውም ይሙለጨለጫል።

ፈረንጆቹ በዚህ ነገር ቀልደው አያውቁም። ፈረንሳዊው ዣን ማንትሌ እ.ኤ.አ. በ1932 በእጅ የሚዞር የአትክልት መፍጫ ፈለሰፈ። የሚወራው ወሬ ሚስቱ የሠራችው የድንች ፒዩሬ ጓል በዛበትና ነው ይላል። ከዚያች መፍጫ የተነሳው ኩባንያ ኋላ ሙሊኔክስ ተባለ። ልብ በሉ፤ ሰውየው ጓሏን ዋጥ አድርጎ «እጅሽ ይባረክ» ማለት ሲችል ፋብሪካ ከፈተ። እኔ እንዲህ ያለ አስተያየት ብሰጥ የምከፍተው ፋብሪካ ሳይሆን የሶፋ አልጋ ነው። ሌላው ዦኤል ሮቡሾን ነው፤ ፓሪስ ዣማን በሚባለው ምግብ ቤቱ ከሠራቸው ዕፁብ ድንቅ ምግቦች ሁሉ በላይ ስሙን ያስጠራው የድንች ፒዩሬ ነው። ድንቹን ከነልጡ ቀቅሎ፣ ልጦ፣ በእጅ በሚዞር መፍጫ አሳልፎ፣ ከዚያም በወንፊት። ባሳተመው አሠራር ለ1 ኪሎ ድንች 250 ግራም ቅቤ ይገባል። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «ታዲያ ድንቹን ለምን ጨመረው?» አሉኝ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የኖርዌጂያኖቹ ነው። ወደ ሚኒሶታና አካባቢው የተሰደዱ ኖርዌጂያኖች ሌፍሰ የሚባል ስስ የድንች ቂጣ ይጋግራሉ። ድንቹ በመጭመቂያ አልፎ፣ ከዱቄት ጋር ተለውሶ፣ በስሱ ተዳምጦ ሰፊ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ያን ምጣድ ብታዩት ታውቁታላችሁ። ብዙ አበሻ በአሜሪካ እንጀራ የሚጋግርበት፣ ቤታኒ ሄሪቴጅ የሚል ስም ያለው ምጣድ እሱ ነው፤ አዮዋ ውስጥ ያለ ኩባንያ ለሌፍሰ ብሎ የሠራው። እኛ ምጣዱን ወሰድን፤ አጠገቡ የነበረውን መጭመቂያ ግን ዞር ብለን አላየነውም። እንጀራ ያወጣል ብለን የሰው ምጣድ ወርሰን ድንቹን በሹካ መደፍጠጥ፣ እኔ ግማሽ ሥራ ነው የምለው።

ወደ መግዛቱ ልግባ። ዕቃ ቤት ገብታችሁ መደርደሪያው ፊት ስትቆሙ ሁሉም አንድ ይመስላል። እጀታውን ያዙና ክፈቱት። አንዳንዱ ሲከፈት እጀታዎቹ በጣም ይራራቃሉና መዳፏ ትንሽ የሆነች ሰው በአንድ እጅ ጨርሶ አትይዘውም፤ ባለቤቴ ገና ከመደርደሪያው ላይ ሳለ የምትጥለው እንዲህ ያለውን ነው። እጀታው ረዘም ያለ ይሁን፤ በረዘመ ቁጥር ድንቹን የሚጫነው እጀታው እንጂ ትከሻችሁ አይሆንም። ቀጥላችሁ አየሩን ጭመቁ። ሰው ያያችኋል፤ ይያችሁ። ዝርጉ ብረት ከኩባያው ግድግዳ ጋር ክፍተት ካለው ድንቹ በቀዳዳው መውረዱን ትቶ በጎን ሽቅብ ይወጣና እጃችሁን ያቃጥላል። ኩባያው ቢያንስ አንድ ደህና ድንች የሚይዝ ካልሆነ ሥራው እስከ እኩለ ሌሊት ይሄዳል። ጎኑም የተበሳሳ አለ፤ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ወደ ጎን ሲረጭ ሸሚዝ አይመርጥም። እኔ ቂጡ ብቻ የተበሳውን እመርጣለሁ። አፍንጫው ላይ የድስት ከንፈር የሚይዝ ጥርስ ካለው ደግሞ እሰየው፤ ክብደቱን ድስቱ ይሸከመዋል።

ከተለያየ ቀዳዳ ጋር የሚመጡ ተቀያያሪ ክቦችን በተመለከተ፣ ጀርመን አገር ስቱትጋርት ያለች ዘመዳችን ትልልቅ ቀዳዳ ያለውን ሽፔትስለ ለሚሉት የሊጥ ምግብ ትጠቀምበታለች። እዚያ ይሠራል። እኛ ቤት ግን ክቦቹ ከተገዙበት ሳምንት ጀምሮ የብርጭቆ ማስቀመጫ ናቸው።

ከምን ይሠራ ለሚለው ብዙ አልከራከርም። የፕላስቲኩ ቀለሙ ያምራል፣ እጀታው ግን ጠንከር ያለ ድንች ሲገጥመው ይለመጣል። የአሉሚኒየሙ ቀላል ነው፣ ጥሩም ነው፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ከገባ ግን ጠቁሮ ይወጣል፤ ስትነኩትም እጅ ያጠቁራል። በርካሽ ኒኬል የተነከረው ልባሱ እየተላጠ ምግብ ውስጥ ይገባል፤ እሱን ተዉት። የማይዝገው ብረት ከባድ ነው፣ ዋጋውም እንደዚያው፣ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ሲጠቀሙበት ድንቹን እኩል እኩል አድርጎ በትልልቁ መቁረጥ፣ ጨው ባለበት ቀዝቃዛ ውኃ መጣድ፣ ቢላዋ ያለ ትግል ሲገባ ማውጣት ነው። ውኃውን አጥልላችሁ ወደ ትኩሱ ድስት መልሱትና እንፋሎቱ እስኪወጣ ጥቂት አናውጡት፤ ውኃ ያዘለ ድንች ቅቤ የሚጠጣበት ቦታ የለውም። ከዚያ በትኩሱ ጭመቁ። ከቀዘቀዘ ስታርቹ ይጠጥራል፣ እጀታውም እንቢ ይላል። መላጥ ከሰለቻችሁ ደግሞ አትላጡ፦ ከነልጡ የተቀቀለውን ለሁለት ገምሳችሁ የተቆረጠውን ፊት ወደ ቀዳዳው አድርጉና ጭመቁ፤ ሥጋው ይወርዳል፣ ልጡ ኩባያው ውስጥ ይቀራል፣ በሹካ ጫፍ ታወጡታላችሁ። ሹካም እንግዲህ ሥራ አገኘች። ቅቤው ከወተቱ ይቅደም፤ ወተቱም ትኩስ ይሁን።

እዚህ ላይ ዋናው አደጋ ይመጣል። ድስቱ ከምድጃው አጠገብ ሲቀመጥ አንድ ደግ ሰው፣ ብዙውን ጊዜ አጎት፣ ማማሰያ ይዞ ይጠጋል። «ትንሽ ላግዛችሁ» ይላል። እንደ ሽሮ ሊያማስለው ነው። አባርሩት። ድንቹ በሰፊ ማንኪያ ከሥር ወደ ላይ ጥቂት ጊዜ ይገለባበጣል እንጂ አይማሰልም። አጎት ሥራ ካማረው ቡናውን ይውቀጥ።

አማቴ በመጭመቂያው ያመኑት ግን በድንች አይደለም። ለገና ጎመን ክትፎ ሊሠሩ ጎመኑን ቀቅለው አወጡ። እንደምታውቁት ውኃው በእጅ ተጨምቆ ካልወጣ ጎመን ክትፎ አይሆንም፤ ጎመኑ ትኩስ ነው፣ እጅ ያቃጥላል፣ የተጨመቀ ሲመስል እንደገና ያንጠባጥባል። ዘወር ዘወር ብለው አዩና መሳቢያውን ከፈቱት። ጎመኑን ኩባያው ውስጥ ጠቅጥቀው እጀታውን አጋጠሙት፤ ውኃው በቀዳዳው ዥው ብሎ ወረደ፣ ጎመኑ ደርቆ በአንድ ጭብጥ ወጣ። «ይኸውላችሁ፣» አሉ፣ «የጎመን መጭመቂያ ነው። ድንች ያላችሁት እናንተ ናችሁ።» በዓሉ እስኪያልፍ ጎመን ሲጨምቁ፣ አይብ ሲያጠልሉ ከእጃቸው አልተለየም። አገራቸው ሲመለሱ ሻንጣው ሲመዘን ከሚፈቀደው አለፈ፤ ጫማ ወጣ፣ ሽቶ ወጣ፣ መጭመቂያው ግን አልወጣም። አሁን አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ድንች ነክቶ አያውቅም። እኛም ሌላ ልንገዛ ተነሳን፤ ከላይ ያወራሁላችሁ የመደርደሪያ ጥናት የመጣው በዚህ ሰበብ ነው።

ስለ እጥበቱ አንድ ነገር ብቻ፦ ወዲያው ዕጠቡት። ቀዳዳው ውስጥ የደረቀ ድንች በውኃ አይለቅም፣ በጥፍር አይወጣም፣ የጥርስ ብሩሽ ይፈጃል። ፒኑ ተነቅሎ ለሁለት የሚለያየውን ዓይነት ካገኛችሁ ዋጋውን ሳትከራከሩ ክፈሉ። እጀታው ረዘም ያለ፣ የማይዝግ ብረት፣ ቂጡ ብቻ የተበሳ፤ የኔ ምርጫ እሱ ነው። አማት የምትጠብቁ ከሆነ ሁለት ግዙ።